ልጆች ደግመው የሚጠይቋቸው የተረት መጻሕፍት

በሐይቅ ከተማ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። ከመማሪያ ክፍላችን ጥግ፣ ከሰሌዳው በስተግራ፣ ቀድሞ የምግብ ዘይት የመጣበት ካርቶን ተቀምጧል፤ በውስጡም 63 የተረትና የታሪክ መጻሕፍት አሉ። ከካርቶኑ የማትለይ አንዲት ደብተር አለች። በደብተሯ ላይ መጽሐፍ የወሰደውን ልጅ ስም፣ የመጽሐፉን ርእስና የተመለሰበትን ቀን እመዘግባለሁ፤ ይሁንና ከሁሉ ይልቅ የምከታተለው «ደግሞ ጠየቀ» የሚለውን የመጨረሻውን ዐምድ ነው። አንድ ልጅ አንብቦ የመለሰውን መጽሐፍ በሳምንቱ «ያቺን መጽሐፍ ድጋሚ ልውሰዳት?» ብሎ ከጠየቀ በዚያ ዐምድ ላይ አንዲት ጭረት አኖራለሁ። ለልጆቻቸው ምን ዓይነት መጽሐፍ ቢገዙ እንደሚሻል የሚጠይቁኝ ወላጆች እየበዙ ስለመጡ፣ ያቺ ደብተር ያሳየችኝን ከነስሕተቴ ልጽፈው ወደድሁ።

ካርቶኑ የተጀመረው በችግር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በዘለቀበት ወቅት የትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ክፍልም እንደ ብዙው የአካባቢው ንብረት ተጎድቶ ነበር፤ ትምህርት ሲከፈት መደርደሪያው ተሰባብሮ፣ ከመጻሕፍቱ የተረፉትም ሽፋንና ገጽ ጎድሏቸው አገኘናቸው። ልጆቹም ሲመለሱ ዝምተኞች ሆነው ነበር፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ነፋስ ሲመታው እንኳ አንገታቸውን ይቀብሩ ነበር። እኔም ከቤት የልጄን 9 የተረት መጻሕፍት በፌስታል ቋጥሬ ይዤ ሄድሁ። ያን ጊዜ የፈለግሁት ፊደል ማስለየት ብቻ አልነበረም፤ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ መስማት ናፍቆኝ ነበር። ይህን መጥቀሴ ለምመክረው ነገር ሁሉ መነሻው እሱ ስለሆነ ነው። መጽሐፍ ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው «ያስቃል ወይ?» የሚለውን ነው፤ ቁም ነገሩን የምፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ስል ግን ከመጀመሪያው የገባኝ እንዳይመስል። ገንዘብ ባጠራቀምሁ ጊዜ ወደ ደሴ ወጥቼ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና መጻሕፍቱን መሬት ላይ በላስቲክ ዘርግተው ከሚሸጡ ልጆች ዘንድ 14 መጻሕፍት ገዛሁ። የመረጥኋቸው በርእሳቸው ነበር፤ ታዛዥነት፣ ትሕትና፣ ታታሪነት የሚሉ ቃላት ከሽፋኑ ላይ ካየሁ አልመለስም ነበር። እነዚህ መጻሕፍት አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ በሁሉም መጨረሻ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ፣ ከሥሩም መልሱ ራሱ በደማቅ ቀለም ታትሟል። በሁለተኛው ሳምንት ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ፣ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ወደ መጨረሻው መቃረቤን አይታ «ቲቸር፣ የመጨረሻዋን ገጽ ይዝለሏት» አለችኝ። ምክንያቷን ስጠይቃት «እሷ ገጽ ትቆጣለች» ብላ መለሰችልኝ። ልጅቷ እውነቷን ነበር፤ ታሪኩን ሲሰሙ የቆዩት ልጆች እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ይሆኑ ነበር። ከ14ቱ መጻሕፍት ውስጥ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጭረት ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። በነገራችን ላይ የእነዚያን መጻሕፍት የመጨረሻ ገጾች በስቴፕለር ዘግቻቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የልጆቹ ትልቁ ሥራ በተዘጋው ገጽ ቀዳዳ አጮልቆ ማየት ሆነ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ ተውሁት።

በጭረት ብዛት ማንም ያልደረሰበት ማሞ ቂሎ ነው። ተረቱን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ማሞ ሠርቶ ያገኘውን ሳንቲም መንገድ ላይ ጥሎ ሲመጣ እናቱ «ኪስህ ውስጥ ብትከተው ምን ነበረበት?» ትለዋለች፤ በማግሥቱ የድካሙ ዋጋ ወተት ሲሆን ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሰዋል፤ «በራስህ ተሸክመህ አትመጣም ነበር?» ስትለው ደግሞ በቀጣዩ ቀን ቅቤውን በጠራራ ፀሐይ አናቱ ላይ ጭኖ ይመጣል። በእኛ አካባቢ እናቶች ቅቤ አናታቸው ላይ ሲያደርጉ ልጆቹ እያዩ ስላደጉ፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ አንዱ ተነሥቶ «ታዲያ ለፀጉሩ ተቀባ እንጂ ምን አጠፋ!» ይላል፤ ክፍሉም በሳቅ ያውካል። ታሪኩ ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ ባነበብሁላቸው ቀን፣ ብዙ ጊዜ የማይናገር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቂልስ እናቱ ናት፤ ሁልጊዜ የትናንትናውን ነው የምትነግረው» አለ። የሃያ ዓመት መምህር ሆኜ ያን ተረት በዚያ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። መጽሐፉ ከታች «ልጆች፣ ስትታዘዙ አስተውሉ» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ እጁን የሚያወጣበት ቦታ አይተርፈውም ነበር። ይህንን ተረት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በአንድ መጽሐፍ አድርገው በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ እኚህ ሰው በማግሥቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ፣ በሐዋሳም መጻሕፍትን በአህያ በሚጎተት ጋሪ ወደ ልጆች ያደረሱ ናቸው። እንግሊዝኛ ለሚለማመዱ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች እንዲህ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይጠቅማል፤ ለሁለተኛ ክፍል ግን ገጹ በሁለት ፊደል ሲሞላ ዓይናቸው ይባዝናል።

ቁመቱ ከስንዝር የማያልፈው፣ ብልሃቱ ግን ከቁመቱ የሚበልጠው ስንዝሮም ብዙ ጭረት አለው። ይህን መጽሐፍ ደጋግመው የሚወስዱት በሰልፍ ላይ ከፊት የሚቆሙት አጫጭሮቹ ልጆች መሆናቸውን ልብ ብያለሁ፤ ስለዚህ ነገር ለማንም ምንም አልተናገርሁም።

ዕድሜያቸው ከስምንት እስከ ዐሥር ለሆኑት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የሩቁን እሳት ተረት ነው። አንድ ባለጠጋ አገልጋዩን «ከተራራው ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ብታነጋ ሀብት እሰጥሃለሁ» ብሎ ይወራረደዋል፤ አገልጋዩም አንድ ሽማግሌ ማዶ ካለው ተራራ ላይ ባነደዱለት እሳት ላይ ዓይኑን ተክሎ ብርዱን ይችለዋል። ባለጠጋው «እሳት አይተሃልና ሞቀሃል» ብሎ ሲክደው፣ ዳኛውም ለባለጠጋው ሲፈርድ፣ በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ሰው ሁሉንም ግብዣ ጠርቶ የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተተ ያስቀምጣቸዋል። ይህ ተረት ሀሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ላሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ሆኖለታል፤ በአማርኛም በተለያየ መልክ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ሳነበው ተራራውን ጦሳ አደርገዋለሁ። ደሴ ዘመድ ጠይቀው ያደሩ ልጆች የጦሳን ነፋስ ስለሚያውቁት ለሌሎቹ ይመሰክራሉ፤ አንዱማ ጃኬቱን አውልቆ «እንዲህ ነው የሚያደርገው» እያለ ሲንቀጠቀጥ አሳይቶናል። የግብዣው ክፍል ላይ ስንደርስ ሊስቁ ሲገባቸው ይናደዳሉ፤ ከዚያም ክርክሩ ይጀመራል። ዳኛው ለምን እንዲያ እንደፈረደ፣ ማየትና መሞቅ አንድ መሆን አለመሆኑን፣ አገልጋዩ በኋላ ከዚያ ባለጠጋ ጋር መኖር ይችል እንደሆነ ደወል እስኪደወል ይሟገታሉ። አንዲት ልጅ ግን የማንንም ሳትሰማ «ለሽማግሌውስ ሌሊቱን ሙሉ ማን እንጨት አቀበለለት?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም።

የእንስሳት ተረቶችን በተመለከተ ምክሬ ጥንቃቄ የተቀላቀለበት ነው። አያ ጅቦ በእመት ጦጢት ሲሞኝ፣ ሆዳምነቱ ጉድጓድ ሲከተው የማይስቅ ልጅ የለም፤ እነዚህ መጻሕፍት ድምፅ ለመለዋወጥም ይመቻሉ፤ አንዱ በወፍራሙ ጅቡን፣ ሌላዋ በቀጭኑ ጦጣዋን ሆነው ሲያነቡ አንባቢ መሆናቸውን እስኪረሱት ድረስ ያነብባሉ። ሆኖም ከተማችን ጅብ በሥዕል ብቻ የሚታወቅበት አይደለም፤ ሌሊት ከአጥር ውጭ ሲጮኽ ይሰማል። አንድ ጊዜ ጅብ ወደ ቤት ገብቶ ልጅ የሚወስድበትን መጽሐፍ ሳላነብበው ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ አውሼ፣ በሦስተኛው ቀን አባቱ መጣ። «አብሽሩ መምህር፣ ለወቀሳ አይደለም የመጣሁት፤ ብቻ ልጁ ማታ ሽንት ቤት ያለ እኔ አልሄድም ብሎኛልና ጅቡ የሚሸነፍበት መጽሐፍ ካለዎት ይስጡኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴ እስከ መጨረሻው ያላነበብሁት መጽሐፍ ከካርቶኑ አይገባም። ስለ ኤዞፕ ተረቶችም ይጠይቁኛል፤ አጭርነታቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የአማርኛ እትሞች ያችን የምትቆጣ ገጽ ስለማይተዉ ገዝታችሁ ከሆነ እዚያ ስትደርሱ ዝም ማለት ይበቃል።

የእንጀራ እናት ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። በብዙ ተረቶች የእንጀራ እናት ክፉ ናት፤ ክፍሌ ውስጥ ግን በእንጀራ እናት ወይም በአክስት እጅ የሚያድጉ ልጆች አሉ። በዚህ ረገድ የአንበሳው ፀጉር የተባለው ተረት ለየት ይላል፤ በአንደኛው አነጋገሩ እሺ ያላላትን የባሏን ልጅ ለማላመድ መድኃኒት ፍለጋ ወደ አዋቂ የሄደች ሴት፣ የአንበሳ ፀጉር አምጪ ተብላ፣ በየቀኑ ሥጋ እያኖረች፣ በየቀኑ አንድ አንድ እርምጃ እየቀረበች አንበሳውን ታለማምደዋለች። ተረቱ ሥጋውንና እርምጃውን እየቆጠረ ስለሚሄድ ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ይሰሙታል፤ ሴትዮዋም ክፉ አይደለችም፣ ልጁም ክፉ አይደለም። ይህችን መጽሐፍ አንድ ልጅ በአንድ መንፈቅ ሦስት ጊዜ ወሰዳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ሌሎች መምህራንም ባይጠይቁ መልካም ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ፤ ወላጆች መጽሐፍ ሲገዙ ሥዕሉን ያያሉ እንጂ ጽሑፉን ብዙም አይመረምሩትም። አማርኛን ማንበብ የሚጀምር ልጅ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ በድምሩ 231 ሆነው፣ ከነዲቃሎቻቸው መለየት አለበት። ይህን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ጽሑፉ የማያሳየው ነገር ይጠብቀዋል፤ አጻጻፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። አንድ ልጅ «አባቷ ገበያ ሄዷል፤ ገና አልመጣም» የሚለውን ሲያነብ «ገና»ን አጥብቆ የበዓሉን ስም አደረገው፤ ጓደኛው ወዲያው «ገናማ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው የሚመጣው!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እንዲህ ያለው ስሕተት የልጁ ድካም አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያልተረዳ ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የምመርጠው መጽሐፍ ፊደሉ ጎላ ያለ፣ በአንድ ገጽ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ፣ ያው ዐረፍተ ነገር በየገጹ በጥቂቱ እየተለወጠ የሚመላለስበት ነው። ጫማው የጠፋበት ልጅ «አልጋው ሥር አየ፤ የለም። በሩ ኋላ አየ፤ የለም» እያለ ሲሄድ፣ አራተኛው ገጽ ላይ ልጁ ሳያነብ ይቀድመኛል፤ ያ መቅደም ነው አንባቢ የሚያደርገው። «እንደማይመለሱላቸው» የሚል ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ካገኘሁ መጽሐፉን ለአራተኛ ክፍል አቆየዋለሁ። በአንዱ ገጽ «ፀሐይ» በሌላው «ጸሀይ» እያለ የሚጽፍ መጽሐፍም አላደንቅም፤ ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ነው ቶሎ የሚያየው፤ «የቱ ነው ልክ?» ብሎ ሲጠይቅም ታሪኩ እዚያው ይቀራል።

መጽሐፍ መግዣ አቅም ለሌለው ትምህርት ቤትና ቤተሰብ የሚጠቅም መንገድ አለ። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባለው ድረ ገጽ ሳይዴ በተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት አማካይነት በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ከእነዚህም አንዱ በሆነው በአማርኛ፣ ሥዕላዊ ታሪኮችን በነፃ ያቀርባል። ታሪኮቹ ከመጀመሪያ ቃላት ተነሥተው፣ በዐረፍተ ነገርና በአንቀጽ አልፈው፣ ለልጅ ጮክ ተብሎ እስከሚነበቡት ድረስ በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሕንዱ ፕራታም ቡክስ «ስቶሪዊቨር»ም ተመሳሳይ ነው፤ እሱ ቃል የሌላቸው፣ በሥዕል ብቻ የሚተረኩ መጻሕፍትም ስላሉት ፊደል ያልቆጠሩ አያቶችም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር «ማንበብ» ይችላሉ። ሁለቱም ፈቃዳቸው ክፍት ስለሆነ ማተምም፣ ማባዛትም፣ የአዘጋጆቹን ስም እስከጠቀሱ ድረስ ማስተካከልም ይቻላል። እኔ በስልኬ አውርጄ ደሴ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ አሳትማቸዋለሁ፤ ቀለሙን ልጆቹ ራሳቸው በእርሳስ ይቀቡታል፤ የቀባ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን የራሱ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

ነገር ግን ሳይመረምሩ ማተም አይገባም። አንዳንዱ ትርጉም አማርኛ መልክ ይዞ አማርኛ አይደለም፤ ሲነበብ አፍ ላይ ይንገጫገጫል። እንዲህ ያለውን ከማተሜ በፊት እንደምንነጋገረው አድርጌ አቀናዋለሁ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ኮኮናት ከዛፍ ወድቆ ግርግር ያስነሣ ነበር፤ ልጆቹ ኮኮናት ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ማንም አልሳቀም፤ በማንጎ ስለውጠው ግን በሐይቅ ከተማ ማንጎ ያልወደቀበት ልጅ የለምና አናታቸውን እያሻሹ ሳቁ። ስሞቹንም እመለከታለሁ። በወሎ በአንድ ቤት ውስጥ መሐመድና ገብሬ የአንድ አያት ልጆች መሆናቸው የተለመደ ስለሆነ፣ በካርቶኑ ያሉት ባለታሪኮች ሁሉ ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆኑ በማትማቸው ታሪኮች ላይ ዘሀራንና ሰይፉን፣ እንድሪስንና አስካለን አደባልቃለሁ። አንዲት ልጅ ስሟን መጽሐፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይታ «ይቺ እኔ ነኝ?» ስትለኝ «ከፈለግሽ አንቺ ነሽ» አልኋት፤ መጽሐፉን በደረቷ ይዛ ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው።

ከተገዙትም ከታተሙትም ይልቅ የሚፈለጉት ግን እኛው የሠራናቸው ናቸው። ልጆቹ ከአያቶቻቸው ተረት ጠይቀው እንዲመጡ ካዘዝኋቸው በኋላ፣ የነገሩኝን እጽፈዋለሁ፤ እነሱ ይሥሉታል፤ አጥፈን እንሰፋዋለን። ከእነዚህ መካከል ቀዳሚው የሐይቃችን ታሪክ ነው። እንደሚነገረው አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በንጉሥ ልጅ ግፍ ተፈጽሞባት፣ ከግፉ የተነሣ ምድሪቱ በውሃ ስትዋጥ እሷ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ያም ዛሬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ነው። ታሪኩ ከበድ ስለሚል እንዴት አድርጌ እንደማለዝበው እያሰብሁ ሳለ፣ ሥዕሉን ይሥል የነበረው ልጅ «ዓሦቹስ ከየት መጡ? ሰዎቹ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። በመጽሐፋችን መጨረሻ ላይ ይህ ጥያቄ ያለ መልስ ተጽፎ አለ፤ የሚያነብ ሁሉ የራሱን መልስ በእርሳስ ይጨምርበታል፤ እስካሁን 11 መልሶች ሰፍረዋል፤ ከእነሱም አንዱ «ቆሮሶ ከድሮም ነበረ፤ ዝናብ ነው ያመጣው» ይላል። በዚያው ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የብራና መጻሕፍት ይጻፉና ይጠበቁ እንደነበር፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም ዛሬ ድረስ እንደሚታወቅ ስነግራቸው፣ የእኛዋ መጽሐፍም ገዳሙ ውስጥ ትቀመጥልን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ቤት ውስጥ ለሚነበብ መጽሐፍ አንድ መለኪያ አለኝ፤ ታሪኩ ከአቦል እስከ ቶና ማለቅ አለበት። ቡና ተፈልቶ፣ ቆሎው ቀርቦ፣ ልጁ «ተረት ተረት» ሲል ቤተሰቡ «የላም በረት» ብሎ ከተቀበለው፣ አቦሉ ተጠጥቶ ሁለተኛው እስኪወርድ ያለው ጊዜ 12 ገጽ ላለው መጽሐፍ ይበቃዋል። ከዚያ የረዘመ እንደሆነ ጎረቤት ይገባል፣ ወሬ ይነሣል፣ ልጁም መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። አንዲት ተማሪዬ ማሞ ቂሎን ለአያቷ ስታነብ አያቷ «እንዲህ አልነበረም እኛ የምናውቀው» ብለው አቋርጠዋት፣ ሌላ መጨረሻ ነግረዋት ኖሮ በማግሥቱ «ቲቸር፣ መጽሐፉ ተሳስቷል፤ እማማ ናቸው ልክ» ብላ መጣች። ሁለቱንም ሰማናቸው፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ስትጨርስም ክፍሉ ዳቦ ስላልነበረው በብስኩት አበስናት።

መጽሐፍ ደጋግሞ ሲወሰድ ይቀደዳል። በመጀመሪያ በፕላስተር ለመጠገን ሞክሬ፣ ፕላስተሩ በሙቀት እየለቀቀ ገጹን ይዞ ሄደ። አሁን ሽፋኖቹን ባረጀ ካላንደር እለብጣቸዋለሁ፤ ጀርባቸውን ደግሞ ከመናኸሪያው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ጫማ ሰፊ በወስፌና በሰም በተለበሰ ክር ይሰፋልኛል፤ እሱ የሰፋው መጽሐፍ ዳግም ሲበጠስ አላየሁም። ባለፈው ጥቅምት አምስት መጻሕፍት ሰጥቼው፣ በቀጠሮው ቀን ስሄድ አራቱን ብቻ አቀበለኝ። አምስተኛይቱ የአንበሳው ፀጉር ነበረች። «መምህር፣ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ፤ ልጄ ሴትዮዋ ከአንበሳው ዘንድ ልትደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀራት ነው መብራት የጠፋው» አለኝ። ደብተሯን ከቦርሳዬ አውጥቼ ስሙን ጻፍሁ፤ በሳምንቱ ደግሞ ልጅቷን አስከትሎ ያንኑ መጽሐፍ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ በመጨረሻው ዐምድ ላይ አንዲት ጭረት አኖርሁለት።